የግቢ ልማዳችንን ይዘን ፎቅ ገብተናል፦ ለጋራ መኖሪያ ቤቶች ማኅበራት ኮሚቴዎችና ለነዋሪ ቤተሰቦች ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ማኅበራት የሥራ አመራር ኮሚቴ አባላት፤ ለየቤቱ እናቶችና አባቶች፤ ልጅ ለምታሳድጉ፣ አራስ ለምታርሱ፣ እንጀራ ለምትጋግሩ ሁሉ፦

ጤና ይስጥልን።

የምንጽፍላችሁ ቤት ውስጥ ስለሚደርስ፣ በር ዘግቶ ስለሚገድል አደጋ ነው። ምክንያቱን አስቀድመን እንናገር። በድሮው ግቢ ማድቤቱ ከመኝታው የተለየ ነበር። ከሰሉ ደጅ ይቀጣጠላል፤ እህሉ ጎተራ ወይም ዕቃ ቤት ይከርማል፤ የጭቃው ግድግዳና የቆርቆሮው ክፈፍ በየስንጥቁ ንፋስ ያስገባል። ከጎፋ እስከ ጀሞ፣ ከየካ አባዶ እስከ ኮዬ ፈጬ የምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ግን ብሎኬት፣ ሲሚንቶ፣ የብረት በርና መስታወት ነው። ማድቤቱም፣ መኝታውም፣ የእህል ማስቀመጫውም፣ የጋዝ ሲሊንደሩም በአንድ ጣሪያ ሥር፣ አንዳንዴም በአንድ ክፍል ውስጥ ናቸው። ልማዱ አብሮን መጣ፤ ግቢው ግን አልመጣም። ከዚህ በታች የምናነሳው ሁሉ ከዚህ አንድ ነገር የሚመነጭ ነው።

በከሰል እንጀምር፤ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበን እርሱ ነው።

ከሰል ሲቀጣጠል ጢሱ ዓይን ያቃጥላል። ስለዚህ ሰው ምድጃውን በረንዳ ወይም ኮሪደር ላይ አውጥቶ ያራግባል፤ ጢሱ ጠፍቶ ከሰሉ ቀይ ፍም ሲሆን «አሁን ጠርቷል» ብሎ ያስገባል። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። የሚገድለው ዓይን የሚያቃጥለው ጢስ አይደለም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ አያስነጥስም፣ አያስለቅስም። የጠራ ፍም ይህን ጋዝ ማመንጨቱን አያቆምም። አመድ የለበሰ ረመጥም ለሰዓታት ይለቀዋል። ይባስ ብሎ ክፍሉ በተዘጋ ቁጥር ኦክስጅኑ እያነሰ ይሄዳል፤ ኦክስጅን ያነሰው ፍም ደግሞ የበለጠ መርዝ ያወጣል።

መጠኑን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። አንድ ኪሎ ከሰል ነዶ ሲያልቅ 200 ግራም ገደማ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣዋል። 12 ካሬ ሜትር ስፋትና 2.5 ሜትር ከፍታ ያለው መኝታ ቤት 30 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። ሩብ ኪሎ ከሰል፣ ማለትም ለአንድ ቡና የሚበቃ ያህል፣ በዚህ ክፍል ውስጥ በርና መስኮት ተዘግቶ ቢነድ በስሌት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል ውስጥ ከ1,000 በላይ የሚሆነው መርዝ ይሆናል። እንዲህ ባለ አየር ውስጥ የተኛ ሰው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ጋዙ ከደማችን ጋር የሚጣበቀው ኦክስጅን ከሚጣበቀው ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል ነው። ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል፤ ከእንቅልፉም አይባንንም።

ፍም ላይ ጨው መነስነስ፣ አጠገቡ ውሃ ማስቀመጥ፣ ከበሩ ሥር ቀዳዳ መተው የሚያድን የሚመስለው ሰው አለ። አያድንም። ካርቦን ሞኖክሳይድ በውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም፤ ጨውም አያግደውም። መስኮት ትንሽ ገርበብ ማድረግም መተማመኛ አይሆንም፤ ንፋስ ከሌለ አየሩ አይለወጥም። ቡና በከሰል የሚፈላ ከሆነ በርና ከበሩ ትይዩ ያለው መስኮት ከአቦል ጀምሮ ወለል ብለው ይከፈቱ፤ በረካ እንደወረደ ምድጃው ይውጣ። እንዲሞቀን ብሎ ምድጃ አጠገብ መተኛት ግን ከቶ አይሆንም፤ ለግማሽ ሰዓትም ቢሆን። ለብርድ ተጨማሪ ብርድ ልብስ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ የሙቅ ውሃ ጎማ፣ ካልሲና ኮፍያ ይበቃሉ።

ሁለት ሰዎችን ለይተን እንጠቅሳለን። አንዷ አራሷ ናት። «ብርድ እንዳይገባት» ተብሎ መስኮቱ ይሸፈናል፤ የበሩ ሥር በጨርቅ ይወተፋል፤ ከሰል ይገባል፤ ጠያቂ ሲመጣ ቡና ይደገማል። ሕፃን ደግሞ ከአዋቂ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ መርዙን ፈጥኖ ይሰበስባል። ነፍሰ ጡር ስትሆንም ፅንሱ ከእናቱ ይልቅ ይጎዳል። ሁለተኛዋ ማድቤት ውስጥ የምትተኛው የቤት ሠራተኛ ናት። ብዙ ጊዜ ገና ከገጠር የመጣች ልጅ ናት፤ እዚያ የነበረው ቤት ንፋስ ያስገባ ነበር። ማታ የተረፈውን ፍም «ይሞቀኛል» ብላ በሩን ትዘጋለች። ይህን የሚነግራት ሰው የለም። እባካችሁ ንገሯት፤ ሲመሽ ምድጃው ከቤት መውጣቱን ራሳችሁ አይታችሁ ተኙ፤ የምትተኛበትንም ቦታ ለውጡላት።

ምልክቱ ሰውን ያታልላል፦ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መዛል። ምች ነው፣ ጉንፋን ነው፣ የበላሁት ነው ይባላል። የሚለየው በሁለት ነገር ነው። ቤት ውስጥ ያሉት ሰዎች በአንድ ጊዜ ያማቸዋል፤ ወደ ውጭ ሲወጡም ይቀላቸዋል። እንዲህ ከሆነ አትመራመሩ፤ ሁላችሁም ውጡ። የወደቀ ሰው ያለበት ክፍል ስትገቡ አስቀድማችሁ ንጹሕ አየር ስባችሁ፣ በሩን ከፍታችሁ ሰውየውን ጎትታችሁ አውጡት፤ መስኮት መክፈቻ ፍለጋ ውስጥ አትቆዩ፤ ለማዳን ገብቶ እዚያው የሚቀር ሰው ብዙ ነው። ራሱን ስቶ የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ አስተኙት፤ ወተትም ሎሚም አትጋቱት። ወተት ይህን መርዝ አያረክሰውም፤ ራሱን ለሳተ ሰው ደግሞ ሳንባው ገብቶ ያንቀዋል። መድኃኒቱ ኦክስጅን ነው። በተራ አየር የመርዙ ግማሽ ከደም ለመውጣት ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል፤ ሐኪም ቤት በጭምብል በሚሰጥ ንጹሕ ኦክስጅን ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። ስለዚህ «ነቅቷል» ብሎ መመለስ አይገባም፤ ሐኪም ይየው።

ከውጭ ለሚመጡ ወገኖቻችንም አንድ ቃል አለን። ከአሜሪካም ሆነ ከአውሮፓ ስትመጡ በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ለቤተሰባችሁ ብታመጡ ከብዙ ስጦታ ይበልጣል። የጢስ ማንቂያ ሌላ ዕቃ ነው፤ ማሸጊያው ላይ የጋዙ ስም መኖሩን አረጋግጡ። የአውሮፓን ደረጃ የሚያሟላው ዓይነት ጋዙ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል ውስጥ በ50 ክፍል ላይ ሲደርስ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ፣ በ100 ላይ ከ10 እስከ 40 ደቂቃ፣ በ300 ላይ በ3 ደቂቃ ውስጥ ይጮኻል። በመኝታ ቤት፣ በተኛ ሰው ራስ ከፍታ አካባቢ ይደረግ። ዕድሜው እንደ ሥሪቱ ከ5 እስከ 10 ዓመት ስለሆነ ከጀርባው የተጻፈውን ቀን ተመልከቱ።

አሁን ወደ ነቀዝ ክኒን እንምጣ። ገበያ ላይ ሴልፎስ፣ ፎስቶክሲን እየተባለ የሚሸጠው ይህ ክኒን ለመጋዘን የተሠራ ነው። አንዱ ፍሬ 3 ግራም ሲመዝን ከአየሩ እርጥበት ጋር ሲገናኝ 1 ግራም ያህል ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል፤ መልቀቁም ለቀናት ይቀጥላል። ነቀዙን የሚገድለው ጋዝ ሰውንም ይገድላል፤ ማርከሻ የለውም። ቤተሰብ ግን ክኒኑን በጨርቅ ቋጥሮ ሽምብራና ስንዴ ከረጢት ውስጥ ያደርግና ከረጢቱን አልጋ ሥር ይገፋዋል። ትኋን ለማጥፋት ፍራሽ ሥር የሚያስቀምጥም አለ። ጋዙ በግድግዳ ስንጥቅ፣ በቧንቧ መተላለፊያና በበር ሥር ወደ ጎረቤት ያልፋል፤ ክኒኑን ያልገዛው ቤተሰብ ልጅ ሊሞት ይችላል ማለት ነው። ነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ የመሰለ ሽታ ሊኖረው ይችላል፤ ሳይሸትም ይገድላል። ትውከት፣ የሆድ ቁርጠት፣ የደረት መጨነቅና የትንፋሽ ማጠር ሲመጣ ብዙ ጊዜ «የምግብ መመረዝ» ተብሎ ሰዓት ያልፋል።

ክኒኑ ቤት ውስጥ ከተገኘ ውሃ አታፍሱበት፤ ውሃ ሲነካው ጋዙን በአንዴ ይለቀዋል፣ ሊቀጣጠልም ይችላል። ሽንት ቤትም አትጣሉት። ሰው ሁሉ ይውጣ፤ በርና መስኮት ተከፍቶ ይተው፤ ከላይ፣ ከታችና ከጎን ያሉት ጎረቤቶች ይነገራቸው። ሐኪም ቤት ስትደርሱ የመጀመሪያው ቃላችሁ «የነቀዝ ክኒን ቤት ነበር» ይሁን፤ አፍራችሁ አትደብቁ።

ክኒኑ አስፈላጊ እንኳ አይደለም። ጤፍ ፍሬው በጣም ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ እምብዛም አይደፍረውም፤ ጤፍ ውስጥ ክኒን የሚያደርግ ሰው ያለ ምክንያት ቤቱን እየመረዘ ነው። ለስንዴ፣ ለበቆሎና ለጥራጥሬ ፒክስ የሚባለው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት አለ፤ ሁለት ወፍራም ላስቲክ ከውስጥ፣ አንድ የተሸመነ ከረጢት ከውጭ። እህሉ በደንብ ከደረቀ በኋላ እስከ አፉ ተሞልቶ፣ አየሩ ተጨምቆ፣ እያንዳንዱ ላስቲክ ለብቻው ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፤ ነቀዙ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ጨርሶ ይሞታል። እርጥብ እህል ግን ይሻግታል። ጥቂት ኪሎ ምስርና ሽምብራ ከሆነ ደግሞ ማቀዝቀዣው በረዶ ቤት ውስጥ አንድ ሳምንት ማቆየት ይበቃል። የኮሚቴ አባላት ሆይ፣ በየብሎኩ ይህ ክኒን እንዳይገባ በጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ አስተላልፉ። የአንድ ቤት ጉዳይ አይደለም።

ስለ ኤሌክትሪክ ብዙ ይባላል፤ እኛ ምጣድ ላይ እናተኩር። የእንጀራ ምጣድ ከ3,500 ዋት በላይ ሊወስድ ይችላል። በ220 ቮልት ይህ 16 አምፔር ገደማ ነው፤ ማለትም ምጣዱ ብቻውን አንድን ተራ ሶኬት እስከ ጫፉ ይሞላዋል። ገበያ ላይ ያለው ቀጭን ማከፋፈያ ከዚህ በታች ነው የሚችለው፤ ተጠቅልሎ ሲቀመጥ ደግሞ ጭራሽ ይሞቃል። ስለዚህ ምጣድ በማከፋፈያ አይሰካም። ከብሬከር ሳጥን በቀጥታ የሚመጣ የራሱ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና የራሱ ወፍራም ሶኬት ይኑረው። ብሬከሩ በየጊዜው ሲወርድ ትልቅ ብሬከር ቀይሮ የሚሄድ ሠራተኛ ቤታችሁን አደጋ ላይ ጥሎ ነው የሚሄደው፤ ብሬከሩ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ ብሬከሩ ካደገ የሚነደው ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ይሆናል።

አንድ ቀላል ሙከራ አለ። አሥር እንጀራ ከጋገራችሁ በኋላ ብሬከሩን አጥፉና መሰኪያውን በእጃችሁ ያዙት። ለመያዝ የሚያቃጥል ከሆነ፣ ዙሪያው ቡናማ ከሆነ ወይም የተቃጠለ ላስቲክ ከሸተተ ውስጡ ላልቷል። የላላ ብሎን ይሞቃል፤ ሲሞቅ የበለጠ ይላላል፤ መጨረሻው እሳት ነው። መሰኪያውና ሶኬቱ አብረው ይቀየሩ፤ አንዱን ብቻ መቀየር አዲሱንም ያቃጥላል።

«ምጣዱ ይነዝረኛል» የሚለው ቃል በየቤቱ ይሰማል። መፍትሔ ተብሎ የሚደረገው ነጠላ ጫማ አድርጎ መጋገር ነው። መንዘር ማለት የማሞቂያው ሽቦ ኃይል ወደ ብረቱ አካል እየፈሰሰ ነው፣ ወደ መሬት የሚወስደውም ሽቦ የለም ወይም ተቆርጧል ማለት ነው። ዛሬ የነዘረው እጅ ነገ እርጥብ ሲሆን ልብን ያቆማል። ምጣዱ ይነቀል፤ የመሬት ሽቦው ይቀጠል፤ ዋናው ሳጥን ላይም ኃይል ሲፈስ በ30 ሚሊ አምፔር መብራቱን የሚቆርጥ፣ አርሲዲ የሚባል መሣሪያ ይገጠም፤ በወር አንዴ የመሞከሪያ ቁልፉ ተጭኖ መውረዱ ይታይ። የሚነዝር የሻወር ውሃ ምክንያቱም ያው ነው።

መብራት ሲጠፋ የሚሠራውም ስህተት ብዙ ቤት አቃጥሏል። ምድጃው በርቶ ሳለ መብራት ይጠፋል፤ ሰው ድስቱን አውርዶ ፎጣ ወይም የፕላስቲክ ሰፌድ ይደርብበታል፤ ከዚያ ይወጣል ወይም ይተኛል። መብራቱ ሌሊት ሲመጣ ምድጃው ብቻውን ይነዳል። መብራት በጠፋ ቅጽበት መጀመሪያ የምድጃውና የምጣዱ መሰኪያ ይነቀል፤ ሻማ ፍለጋው ከዚያ በኋላ ነው። ጄነሬተር ያላችሁ ሰዎች ደግሞ በረንዳና ደረጃ ላይ አታስነሱት፤ የሚያወጣው ጋዝ ከከሰሉ ጋር አንድ ዓይነት ነው።

የጋዝ ሲሊንደር ቆሞ፣ አየር በሚያገኝበት በረንዳ ላይ፣ ከከሰል ምድጃ ርቆ ይቀመጥ። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ ወደ ታችኛው ፎቅም በደረጃው ይወርዳል። ሲሊንደር በተቀየረ ቁጥር ሬጉሌተሩና ጎማው መጋጠሚያ ላይ የሳሙና አረፋ ይቀባ፤ ከተንፈቀፈቀ ይፈሳል። በክብሪት መሞከር ራስን ማቃጠል ነው። ማታ ከሸተታችሁ መብራት አታብሩም፣ የበራውንም አታጥፉም፤ ቫልቩን ዘግታችሁ፣ በሩን ከፍታችሁ ውጡና ስልኩን ውጭ ሆናችሁ ደውሉ።

ልጆች የሚመረዙበት አንዱ መንገድ የሃይላንድ ጠርሙስ ነው። በረኪናም፣ ነጭ ጋዝም፣ ቤንዚንም ለልጁ ውሃ በሚያውቀው ዕቃ ይቀመጣሉ። ከጠጣ አታስመልሱት፤ ነጭ ጋዝ ሲመለስ ሳንባ ይገባል፣ በረኪና ሲመለስ ጉሮሮውን ሁለተኛ ያቃጥላል። አፉን አጥባችሁ ጠርሙሱን ይዛችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ። በረኪናን ከአሲድ ወይም ከሌላ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር መቀላቀልም በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል።

ጀበናና ድስት ወለል ላይ በሚቀመጥበት ቤት ዳዴ የሚል ልጅ ካለ ቃጠሎ አይቀርም። ለቃጠሎ የመጀመሪያው ሕክምና ቧንቧ ውሃ ነው፤ ለ20 ደቂቃ ሙሉ፣ በረዶ ሳይሆን ተራ ቀዝቃዛ ውሃ። ኮልጌት፣ እንቁላል፣ ቅቤና ቡና ሙቀቱን ሥጋው ውስጥ ያፍናሉ፣ ቁስሉንም ያመረቅዛሉ። ውሃ በሚጠፋበት ሰፈር ስለምንኖር አንድ ጀሪካን ንጹሕ ውሃ ለዚሁ ተቀምጦ ይቆይ። ቀለበትና አምባር ሳያብጥ ይውለቅ፤ ቁስሉ በንጹሕ ነጠላ ይሸፈን። የተቀጣጠለ የዘይት መጥበሻ ላይ ግን ውሃ አይደፋም፤ ምድጃው ጠፍቶ በክዳን ይታፈናል።

የቀረው የኮሚቴው ድርሻ ነው። ሌባን በመፍራት በየኮሪደሩ ፍርግርግ በር ተሠርቶ ማታ በጓጉንቸር ይቆለፋል፤ ቁልፉ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ያድራል። ቁልፍ ሳያስፈልግ ከውስጥ በእጅ የሚከፈት መቀርቀሪያ ይደረግበት፤ ከውጭ ሌባን ይከለክላል፣ ከውስጥ ሰውን አያግድም። የመኝታ ቤት መስኮት ብረትም ቢያንስ አንዱ በማጠፊያ የሚከፈት ይሁን። ደረጃ ላይ የተከመረው አሮጌ ሶፋና ፍራሽ ይነሳ። በብሎኮቹ መካከል ለእሳት አደጋ መኪና የሚሆን መንገድ ማታ በቆመ መኪና አይዘጋ። በየፎቁ 6 ኪሎ የዱቄት ማጥፊያ ይሰቀል፤ መርፌው አረንጓዴው ላይ መሆኑ በየወሩ ይታይ። አንዱ ማጥፊያ የሚሠራው ለ20 ሰከንድ ገደማ ብቻ ስለሆነ ነዋሪው አስቀድሞ ይለማመድ፦ ፒኑ ይነቀላል፣ አፉ ወደ ነበልባሉ ሥር ይዞራል፣ እጀታው ተጨምቆ ግራና ቀኝ ይጠረጋል።

ከሁሉም የምንለምናችሁ ግን ይህን ነው። እነዚህ ሳይቶች ሲሠሩ ለልብስ ማጠቢያ፣ ለእርድና ለእንጀራ መጋገሪያ የሚሆኑ የጋራ መጠቀሚያ ቤቶች አብረው ተሠርተዋል፤ የግቢው ሥራ ፎቅ ላይ እንዳይወጣ ታስቦ ነበር። በየቦታው ለሱቅና ለመጋዘን ተከራይተዋል። ኪራዩ ለማኅበሩ ገቢ መሆኑን እናውቃለን። ቢያንስ አንዷን ክፍል አስመልሱ። ከሰሉ እዚያ ይቀጣጠል፤ ለድግስ የሚጣደው ትልቅ ድስት እዚያ ይጣድ፤ ክዳን ያለው የብረት በርሜል ከግማሽ በላይ ውሃ ተሞልቶ ይቀመጥና ነዋሪው ማታ ረመጡን እዚያ ያጥፋ። የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ውስጥ የሚደፋ ረመጥ ሌሊቱን ሲጤስ አድሮ ንጋት ላይ ይነዳል።

በየደረጃው መግቢያ ደግሞ ይህ በትልቅ ጽሑፍ ይለጠፍ፦ የአዲስ አበባ እሳት አደጋ 939፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፤ ፖሊስ 991፤ የኤሌክትሪክ አገልግሎት 905። ከሥሩ የክፍለ ከተማው፣ የወረዳው፣ የሳይቱ ስምና የብሎኩ ቁጥር ይጻፍ፤ የደነገጠ ሰው የራሱን ብሎክ ቁጥር ይረሳል። የሚደውለው ሰው ምን እንደነደደ፣ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነና የቀረ ሰው መኖሩን ይናገር፤ ሌላ ሰው ዋናው በር ላይ ቆሞ መኪናውን እየመራ ያስገባ።

ከአክብሮት ጋር፣
በኤሌክትሪክ፣ በጤናና በእሳት አደጋ መከላከል ሙያ የምንሠራ ነዋሪዎች